ይመለስ ዘንድ

ማክሰኞ ማታ ነው። ነፋስ መስኮት ይመታል፤
ከጋሊሲያ ወደብ በላይ ያለው ክፍሌ ናፍጣና ዓሣ ይሸታል።
ተማሪዎቼ ሄደዋል። ጠረጴዛው ላይ አሥራ አንድ ደብተር፣
አንድ ቀይ እስክሪብቶ፣ የበረደ ሻይ። ተቀመጥኩ ስህተት ልቆጥር።

የቤት ሥራው ቀላል ነበር፦
«ተስፋ አደርጋለሁ» ብላችሁ ጀምሩ፣
ከዚያ በዘንድ አንቀጽ፣ ሥሩ በሚለወጥ ግሥ፣
ሦስት ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

የመጀመሪያው የዙልሚራ ነው። የደብተሯ ጠርዝ ጨው ጠጥቷል፤
ከኬፕ ቨርዴ መጥታ የዓሣ ሆድ ስትዘረግፍ ጣቷ ቅርፊት ለብሷል።
ባሏ ኤቫንድሮ ባሕር ላይ ነው፣ ከአየርላንድ ማዶ ርቆ፤
«ታላቅ ፀሐይ» ይሉታል ያንን ውኃ፣
ፀሐይ ግን ማን አይቶበት፣ ማንስ በዚያ ደርቆ!

«ኤስፔሮ ኬ ቮልቫ» ብላለች፣ ይመለስ ዘንድ ማለቷ።
ፊደሏ ቀጥ ያለ፣ ምንም ያልተሰበረ፤ እሱው ነው ጥፋቷ።
ሥሩ ላይ ያለችው «ኦ» ጫና ሲያርፍባት አትችልም፣
ትሰነጠቃለች፣ ሁለት ትሆናለች፦
ቩዌልቫ። ሌላ መንገድ የለም።

እኔ ልመለስ ስል ትሰነጠቃለች፤ አንተ ስልም፣ እሱ ስልም፣ እነሱም።
ባለፈው ሳምንት አራቱን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ከበብኳቸው፣
መስመሩ ዞሮ ዞሮ የጎማ ቦቲ መሰለ፤ ሳቅ አመለጣቸው።
ከቦቲው ውጭ የቀሩት ሁለት ናቸው፣ እኛና እናንተ።
«እነዚህስ ለምን ዳኑ?» አለኝ ያዚድ፣ መርከብ ቀቢው።
ጫናው ሥሩን ትቶ ወደ ጅራቱ ይሸሻል አልኩት፤
እንደዚያ ነው መጽሐፉ ላይ የሚነበበው።

(በሬ ሥር እውነተኛ ቦቲ አለ። የአባቴ ነው፣ አንድ እግር ብቻ፤
አሁን የጃንጥላ ነው ማስቀመጫ።
የሌላኛው እግር ነገር ቤታችን አይነሣም።)

ሁለተኛው፦ «ኤስፔሮ ኬ ቩዌልቫሞስ»፣
ልጆቹ ቋንቋችንን ሳይረሱ ወደ ደሴታችን እንመለስ ዘንድ።
ሰበራውን ለብቸኛው ሰው ነፍጋ ለሁለቱ ሰጠች።
አይደለም ዙልሚራ፣ «እኛ» ሲባል ሥሩ አይሰበርም፤
ቮልቫሞስ። «ኦ» ሙሉ፣ እንደ ሳንቲም ክብ።
ቀዩን አሰመርኩበት፤ ስህተትሽን ግን አልጠላሁትም።

ሦስተኛው፦ «ኤስፔሮ ኬ ኖ»
እንዳይ…
እንዳይ ምን? ከዚያ ወዲያ ባዶ መስመር፣
እስክሪብቶ ተጭኖ የተነሣበት አንድ ያበጠ ነጥብ።

ግሡን አውቀዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዝርዝሩ ዘልየዋለሁ፤
«ለፈተና አይመጣም» እላለሁ። እዋሻለሁ።
የእሱ ሕግ ሌላ ነው። «እኛ» ቢሉትም አይምርም፤
ሥሩን ባይሰነጥቀው ያጎብጠዋል፣ «ኦ» «ኡ» ትሆናለች፤
ሙራሞስ። አብሮ መሆን አያስጥልም።

ደግሞ በዚያው ሕግ የሚሄድ ሌላ ግሥ አለ፣ ጎረቤቱ፣
መልኩ ቁርጥ እሱን፤ ብቻ ከእርሱ በኋላ
ይነጋል ሌሊቱ።

ባዶውን አልሞላሁትም። ጎኑ ላይ፣ በቀዩ ሳይሆን በእርሳስ፣
«ዱዌርማስ» ብዬ ጻፍኩላት። ትተኚ ዘንድ።
ሐሙስ ስትመጣ «ይህ ምንድን ነው መምህርት ኦብዱሊያ?» ብትል፣
ምሳሌ ነው እላታለሁ፣ መልመጃ፣ ሥሩ እንዴት እንደሚበል…
አይ፣ ምንም አልላትም።

ሁለት ስህተት፣ አንድ ያልተሠራ። ከአሥር ሰባት ሰጠኋት።
እኔ አሥር ደብተር ይቀረኛል።
መርከቧ፣ ወደቡ በር ላይ እንደተጻፈው፣ ስድስት ቀን ይቀራታል።
እሱም የተጻፈው በጠመኔ ነው።